ባጃጁና የጭነት መኪናው እኩል ከተገፋፉ፣ ባጃጁ ብቻ ለምን ተጨማደደ?

ጥያቄው፦ «ቲቸር፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በቀደም ሰፈራችን መንገድ ዳር ቆሞ ሰው ሲያወርድ የነበረን ባጃጅ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨው። አልሃምዱሊላህ ሰው አልሞተም። ባጃጁ ግን እንደ ጣሳ ተጨማደደ፤ መኪናው ላይ የታየው ጭረት ብቻ ነው። በማግስቱ የፊዚክስ መምህራችን ‹ሁለቱ ላይ ያረፈው ፎርስ እኩል ነው› ሲለን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኩል ከሆነ ባጃጁ ብቻ ለምን ተጎዳ? ደግሞስ እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ተጣፍተው ዜሮ መሆን አልነበረባቸውም? አቦ፣ ለፈተና ብዬ ብሸመድደውም አላምንበትም።»

መምህርህ ልክ ነው። በግጭቱ በእያንዳንዷ ቅጽበት በባጃጁ ላይ ያረፈው ፎርስ፣ ማለትም ግፊያ፣ በመኪናው ላይ ካረፈው ጋር ፍጹም እኩል ነበር። አንተም ያየኸው ልክ ነው። ስሕተቱ ያለው ሳታስተውለው በመካከል ባስገባኸው ሐሳብ ላይ ነው፤ «ብዙ የተጎዳው ብዙ ፎርስ ያረፈበት ነው» ብለሃል። ጉዳት ግን የፎርስ መለኪያ አይሆንም። እንቁላልና ድንጋይ አጋጥመህ በሁለት መዳፍህ መካከል ጭመቃቸው። የሚሰበረው እንቁላሉ ነው፤ ሁለቱ መዳፎችህ የሚሰማቸው ጫና ግን አንድ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እዚሁ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር በየዓመቱ አገኘዋለሁና። የሚመጣው ከአነጋገራችን ነው። «ይሄ መኪና ጉልበት አለው»፣ «በኃይል መጣበት» እንላለን። ለቤትና ለገበያ አነጋገሩ ምንም እንከን የለውም። ክፍል ይዘነው ስንገባ ግን ፎርስን፣ ሞመንተምንና ኢነርጂን በአንድ ጆንያ ይከትብናል። ሞመንተም ማስ (በኪሎ የሚለካው የአካሉ የቁስ መጠን) በፍጥነት ተባዝቶ የሚገኝ ነውና ተሽከርካሪው ይዞት ይመጣል። ኢነርጂም ይዞት የሚመጣው ነው። ፎርስን ግን ማንም ይዞት አይመጣም። ፎርስ የሚኖረው አንዱ ሌላውን በሚገፋበት ወይም በሚስብበት ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል ብቻ ነው። ከሰው ጋር ስትጨባበጥ እጅህ የእሱን እጅ ከነካ የእሱም ያንተን ነክቷል፤ አንተ ይበልጥ ነክተኸው እሱ በጥቂቱ የነካህ ልትሆኑ አትችሉም። ፎርስም እንደዚያ ነው። «መኪናው ብዙ ፎርስ ይዞ መጣ» ያልክ ጊዜ ነገሩ ተበላሸ። መኪናው ይዞ የመጣው ብዙ ሞመንተም ነው።

ይህን ማምታታት የሞኝ ስሕተት አድርገህ እንዳታየው። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ታላቁ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ሲና እንኳ የተወረወረ ነገር ከወርዋሪው የተቀበለው ግፊያ በውስጡ አብሮት ይጓዛል ብሎ ያስብ ነበር። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ሕግጋቱን ሲያሳትም ነው ነገሩ የጠራው። ኒውተን ራሱ የሰጠው ምሳሌ ቀላል ነው፦ ድንጋይን በጣትህ ስትጫን ድንጋዩም ጣትህን ይጫናል፤ ፈረስ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ሲጎትት ድንጋዩም በዚያው መጠን ፈረሱን ወደ ኋላ ይጎትታል።

«አላምንበትም» ስላልክ በወሬ ብቻ እንድታምን አልጠይቅህም። ቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች አንጠልጥለው የሚመዝኑበትን ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ታውቀዋለህ። ሁለት ተዋስ። መንጠቆ ለመንጠቆ አያይዛቸውና አንዱን አንተ ያዝ፣ ሌላውን ለታናሽ ወንድምህ ስጠው። መጀመሪያ ሁለታችሁም ጎትቱ። ቀጥሎ ወንድምህ ዝም ብሎ ይያዝ፣ አንተ ብቻ ጎትት። ከዚያም የእሱን ሚዛን በር ላይ ካለ ሚስማር ጋር እሰረው። በሦስቱም ጊዜ ሁለቱን ቀስቶች ጎን ለጎን አንብብ፤ አንዱ 4 ኪሎ ካለ ሌላውም 4 ኪሎ ይላል። ሚዛኖቹ አሮጌ ከሆኑ ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ቦታ አለዋውጣቸው። ልዩነቱ ሚዛኑን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ ሳሠራ ጮክ ብሎ የሚከራከረኝ ተማሪ ሁልጊዜ ጉልበተኛው ነው፤ «እኔ ነኝ የምጎትተው፣ እሱ ዝም ብሎ ነው የቆመው» ይላል። ቀስቶቹን ግን ራሱ ያነባቸዋል።

«ታዲያ ገመድ ጉተታ ላይ እንዴት አሸናፊ ይኖራል?» ካልክ፣ ገመዱ ሁለቱን ቡድኖች የሚጎትተው እኩል ነው። አሸናፊው መሬቱን በእግሩ ይበልጥ መግፋት የቻለው ነው። ጎበዙን ቡድን ካልሲ ብቻ አስለብሰህ ልሙጥ ሲሚንቶ ላይ አቁመው፤ ክንዱ ሳይደክም ይሸነፋል።

አሁን ወደ ግጭቱ። ሒሳቡ እንዲቀልልን የጭነት መኪናው ከነጭነቱ 6,000 ኪሎ፣ ባጃጁ ከነሾፌሩና ከነተሳፋሪዎቹ 600 ኪሎ ነው እንበል። መኪናው በሰከንድ 10 ሜትር ይመጣል፤ ይህ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከተማ ውስጥ ብርቅ ያልሆነ ፍጥነት። ባጃጁ ቆሟል። ከግጭቱ በፊት ያለው ሞመንተም በሙሉ የመኪናው ነው፦ 6,000 በ10፣ ማለትም 60,000። ከግጭቱ በኋላ ተጣብቀው አብረው ከሄዱ ይህንኑ 60,000 የሚሸከመው 6,600 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነታቸው በሰከንድ 9.1 ሜትር ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ብለህ እያቸው። መኪናው ከ10 ወደ 9.1 ወረደ፤ የጠፋበት ፍጥነት 1 ሜትር በሰከንድ እንኳ አይሞላም። ባጃጁ ከዜሮ ተነስቶ 9.1 ደረሰ። የፍጥነት ለውጣቸው አሥር እጥፍ ይለያያል። አሁን እያንዳንዱን ለውጥ በየራሱ ማስ አባዛው፦ ባጃጁ 5,450 ገደማ ሞመንተም አገኘ፤ መኪናው 5,450 ገደማ አጣ። አንዱ የሰጠውን ሌላው ተቀበለ። ግጭቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ወሰደ ብንል፣ አማካይ ፎርሱ የሞመንተሙ ለውጥ ለጊዜው ሲካፈል ነው፤ ለሁለቱም 54,500 ኒውተን ገደማ ይመጣል (ኒውተን የፎርስ መለኪያ ነው)። አምስት ቶን ተኩል የሚሆን ጭነት እንደ ማለት ነው። መምህርህ «እኩል» ያለው ይህን ነው።

እኩሉ ፎርስ ሁለቱ ላይ ያመጣው ውጤት ግን እኩል አይደለም። ፎርስን ለማስ ስታካፍል አክስለሬሽን፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን፣ ታገኛለህ፤ ባጃጁ ላይ 91፣ መኪናው ላይ 9.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ። ይህን ወደ ሰው አውርደው። ባጃጁ ውስጥ የተቀመጠ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከባጃጁ ጋር አብሮ እንዲፈነጠር ወንበሩ በ5,450 ኒውተን ገደማ ከጀርባው መግፋት አለበት፤ የራሱን ክብደት ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ያው 60 ኪሎ የሚመዝነው የመኪናው ሾፌር ከራሱ ክብደት ባላለፈ ፎርስ ወደ ኋላ ይያዛል። በባጃጅ ላይ ደግሞ ጭንቅላትን ከኋላ የሚደግፍ ነገር ስለሌለ ጀርባ ሲገፋ ጭንቅላት ይቀራል፤ አንገት የሚጎዳው በዚህ ነው። ሰፈራችሁ ሰው ባለመሞቱ ደስ ብሎኛል። ተሳፋሪዎቹ «ደህና ነን» ብለው ከሄዱ ግን የአንገት ሕመም ዘግይቶ ሊሰማ ስለሚችል ሐኪም እንዲያያቸው ንገራቸው።

እዚህ ድረስ ያልኩት ባጃጁ ለምን እንደተፈነጠረ ያስረዳል። ለምን እንደተጨማደደ ግን ገና አልመለስኩም፤ ብዙ መምህራንም፣ እኔም ቀደም ባሉት ዓመታት፣ «ማሱ ትንሽ ስለሆነ ነው» ብለን እዚህ ላይ እንዘጋዋለን። ይህ ግማሽ መልስ ነው። 600 ኪሎ የሚመዝን ድፍን የብረት ኩብ በባጃጁ ቦታ ቢቆም ኖሮ በዚያው ፍጥነት ይፈነጠር ነበር፤ አይጨማደድም ነበር እንጂ። መጨማደድ የሚወሰነው በአካሉ ጥንካሬ ነው። ባጃጁ ቀጭን ላሜራ፣ ቀጭን ቱቦና ሸራ ነው። የጭነት መኪናው ፊት ወፍራም መከላከያና ከሥሩ የሚዘልቅ የብረት ሻንሲ አለው። ሁለቱን የሚጫናቸው አንድ ዓይነት 54,500 ኒውተን ነው፤ በዚያ ጫና ላሜራው ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሻንሲው ይቋቋመዋል።

ይህንንም በቁጥር ማየት ይቻላል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ማስ በፍጥነት ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ነው፤ ከግጭቱ በፊት የነበረው 300,000 ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) ነበር። ከግጭቱ በኋላ በሰከንድ 9.1 ሜትር በሚሄደው 6,600 ኪሎ ላይ የቀረው 273,000 ገደማ ነው። ወደ 27,000 ጁል የሚጠጋው ብረት በማጠፍ፣ በሙቀትና በድምፅ አለቀ። ፎርስ የሚሠራው ሥራ፣ ማለትም የሚወስደው ኢነርጂ፣ ፎርሱ በርቀት ተባዝቶ ነውና፣ ይህን ለ54,500 ኒውተን ብታካፍለው ግማሽ ሜትር ታገኛለህ፤ ሁለቱ አካላት ተደምረው ወደ ውስጥ የገቡት ርዝመት ያ ነው። ግማሽ ሜትሩን ማን ከፈለ? ደካማው። በባጃጁ በኩል 48 ሳንቲ ሜትር፣ በመኪናው በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ምንም አይገርምም፤ አንተ «ጭረት» ያልከው ያ ነው። ፎርሱ እኩል ሆኖ ሳለ የታጠፉበት ርቀት ስለሚለያይ፣ የተሠራባቸው ሥራም ተለያየ። የክፍል ጓደኞችህ ከሳቁበት መልስ ውስጥ የጎደለው ይህ ቁራጭ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ «ለምን አይጣፉም?» የሚለው፣ አጭር ነው። ሁለት ፎርሶች የሚጣፉት አንድ አካል ላይ ሲያርፉ ብቻ ነው። የመኪናው ፎርስ ያረፈው በባጃጁ ላይ፣ የባጃጁ ያረፈው በመኪናው ላይ ነው። አንተ ያለብህን መቶ ብርና ሌላ ሰው የሚጠብቀውን መቶ ብር ደምረህ «ዕዳዬ ተሰረዘ» አትልም። አሸዋ ገበያ ጋሪ የሚገፋውን ልጅ ተመልከተው፦ እሱ ጋሪውን ወደ ፊት ይገፋል፣ ጋሪው እሱን በእኩል ፎርስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ጋሪው ግን ይሄዳል። ጋሪው ይሄድ እንደሆን ለማወቅ ጋሪው ላይ ያረፉትን ብቻ ደምር፤ የልጁን እጅና የጎማውን ሰበቃ። ልጁ ይሄድ እንደሆን ለማወቅ ልጁ ላይ ያረፉትን ብቻ፤ ጋሪው ወደ ኋላ የሚገፋውንና መሬቱ ከጫማው ሥር ወደ ፊት የሚገፋውን። ሁለት ሒሳብ ነው፤ አንድ ላይ የሚደባልቃቸው ሰው ዓለም በሙሉ የቆመች ይመስለዋል።

በቁጥሮቹ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የሰከንድ አንድ አሥረኛ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጊዜው በግማሽ ቢያጥር አማካይ ፎርሱ በእጥፍ ያድጋል። እውነተኛው ፎርስም ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ሆኖ አይዘልቅም፤ ይወጣል ይወርዳል፣ ጫፉ ከአማካዩ ይበልጣል። «ሞመንተም አይጠፋም» የሚለውም የሚሠራው ለግጭቱ ቅጽበት ነው፤ ያኔ የመንገዱ ሰበቃና ፍሬኑ ከግጭቱ ፎርስ አንጻር ትንሽ ናቸው። ከዚያ በኋላ ተያይዘው 20 ሜትር ተንሸራትተው ሲቆሙ ሞመንተሙን መንገዱ ወስዶታል፤ እስከዚያ ድረስ ቀመሩን ብትጎትተው ይዋሽሃል። አቅጣጫም አትርሳ። ባጃጁ ቆሞ ሳይሆን ፊት ለፊት በሰከንድ 10 ሜትር እየመጣ ቢሆን ኖሮ ሞመንተሙ የመቀነስ ምልክት ይይዛል፦ 60,000 ሲቀነስ 6,000፣ 54,000። አብረው የሚሄዱበት ፍጥነት 8.2 ገደማ ይሆናል፤ የባጃጁ ለውጥ ግን ከ9.1 ወደ 18.2 ያሻቅባል። ምልክቱን ረስቶ 66,000 ብሎ የጻፈ ተማሪ ባጃጁን ከግጭቱ ምንም ሳይሆን ያወጣዋል።

ጊዜ ምን ያህል እንደሚወስን ማየት ከፈለግህ አንድ እንቁላል ይበቃሃል። ሁለት ጓደኞችህ ጋቢ ወይም አንሶላ አንጠልጥለው ይያዙ፣ ታችኛውን ጠርዝ እንደ ኪስ ወደ ላይ ይጠፉት። እንቁላሉን በሙሉ ክንድህ ጨርቁ መሐል ላይ ወርውረው፤ አይሰበርም። ግድግዳ ላይ ቢያርፍ የሚያጣው ሞመንተም ያው ነበር። ጨርቁ እየሸሸ ጊዜውን ስላረዘመው ፎርሱ ቀለለ። ቀበቶና የሚታጠፍ የመኪና አፍንጫ የተሠሩት ለዚሁ ነው። ይህን ካወቅህ፣ ሕፃን ታቅፎ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ስታይ ዝም አትበል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰከንድ 10 ሜትር ሲሄድ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ እንዲቆም ክንድ 1,000 ኒውተን፣ ማለትም አንድ ኩንታል መሸከም አለበት። የማንም እናት ክንድ፣ ፍቅሯ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ድንገት ያን አይችልም።

ሞመንተም ሁሉንም ነገር እንደማያስረዳም እወቅ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሞመንተም በእጥፍ፣ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ግን በአራት እጥፍ ይጨምራል፤ በተመሳሳይ ፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም አራት እጥፍ የሚሆነው በዚህ ነው። ከደንገጎ ወደ እኛ የሚወርደውን መኪና አስብ። 6,000 ኪሎው መኪና በእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ በወረደ ቁጥር 6,000,000 ጁል ይለቃል፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘውን ኢነርጂ ሃያ እጥፍ ማለት ነው። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይይዝለታል። ማርሽ ነጻ አድርጎ በፍሬን ብቻ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዙን ያቆማል። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የኢነርጂ ሒሳብ ያዝ። ለግጭት ቅጽበት ሞመንተም፣ ለ«ማን ምን ያህል ተገፋ» ፎርስ።

ለፈተናውም ለራስህም የምመክርህ አንድ ልማድ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ያዘው። ፎርስን ያለ ሁለት ስም አትጻፍ። «የመኪናው ፎርስ» ብለህ አትተው፤ «የመኪናው በባጃጁ ላይ» ብለህ ጻፍ። ሁለት ስም ማግኘት ካልቻልክ ያ ነገር ፎርስ አይደለም፤ ምናልባት ሞመንተም ወይም ኢነርጂ ነው። ስሞቹን ስትገለብጣቸው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ፣ ሁለት አካላት የሚገፋፉት በእኩልና በተቃራኒ ፎርስ ነው የሚለው፣ ጥንዱን ራሱ ይሰጥሃል፦ «የባጃጁ በመኪናው ላይ»። ከዚያ ለእያንዳንዱ አካል ለየብቻ ሥዕል ሥራ፣ ፎርሶቹንም በቀስት አሳይ፤ ከ«ላይ» በፊት የባጃጁ ስም ያለበት ቀስት ብቻ ወደ ባጃጁ ሥዕል ይገባል፣ ሌላ ቀስት አታስገባ። ሒሳብ የምትጀምረው ሁለቱ ሥዕሎች ካለቁ በኋላ ነው። ያንን የሰፈራችሁን ግጭት ዛሬ ማታ በዚህ መንገድ ሥራውና ነገ ለመምህርህ አሳየው፤ ከጎኑም ሁለቱን ሚዛኖች ይዘህ ሂድ፣ የሳቁት ልጆች ቀስቶቹን እነሱ ያንብቧቸው።